ይድነቃቸው ተሰማ፡ ከጥር 13ቱ ዋንጫ ባሻገር

ጥር እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ገብቶ፣ ጥምቀት ተከብሮ፣ ሠርጉና ማኅበሩ የሚደራበት ወር ነው። በ1954 ዓ.ም ግን ይህ ወር ለኢትዮጵያ ሌላ ደስታም ይዞ መጣ። በቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ እሑድ ጥር 13 ቀን፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ ተካሄደ። ኢትዮጵያም ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። ያንን ቡድን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ብዙ ሰው ይድነቃቸውን የሚያስታውሳቸው በዚያ ዋንጫ ነው። የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ግን ከዋንጫው በፊት ተጀምሮ፣ ከዋንጫው በኋላ 25 ዓመታት የቀጠለ ነበር።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ስመ ጥር የነበሩ፣ ጀርመን አገር ድረስ ተሻግረው የአማርኛ ዘፈንን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ የሆኑ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን የሕዝብን ልብ የሚገዛበት ሌላ መንገድ አገኘ። እሱም ኳስ ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚያው ዓመት የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ወራሪው ነዋሪውን በቆዳ ቀለም የሚለይ ሥርዓት አቆመ። ይድነቃቸው ከልጅነት ወደ ጉልምስና የተሸጋገሩት ይህን እያዩ ነው። በኋለኛው ዘመን በስፖርት ውስጥ የዘር መድልዎን አጥብቀው የተቃወሙት መድልዎን በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያወቁ ሰው ሆነው ነው።

ከነጻነት በኋላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ረዘም ላሉ ዓመታት ተጫወቱ። ለክለቡ ከ300 በላይ ጎሎችን እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። የብሔራዊ ቡድኑንም መለያ ለብሰዋል። ከሜዳ ውጭ ደግሞ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን መልክ እንዲይዝ ከደከሙት ዋነኛው ነበሩ።

በ1949 ዓ.ም የካቲት ወር ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ከተማ ሊካሄድ ተዘጋጀ። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ ሹማምንት ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ካልሆነ በቀር የተቀላቀለ ቡድን አናመጣም አሉ። ገና በእግሩ ያልቆመው ማኅበር ከባድ ምርጫ ገጠመው። አራት አባላት ብቻ ያሉት ድርጅት አንዱን ቢያጣ ውድድሩ የሦስት አገር ጨዋታ ይሆናል። ያም ሆኖ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

ደቡብ አፍሪካን ልትገጥም የነበረችው ኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎሎች ያገባው አድ-ዲባ የተባለው ተጫዋች ነበር። በ1951 ዓ.ም በካይሮ በተካሄደው ሁለተኛው ዋንጫም ኢትዮጵያ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። በሁለቱ ውድድሮች ኢትዮጵያ አንድም ጎል አላገባችም ነበር። አዲስ አበባ ሦስተኛውን ዋንጫ ስታዘጋጅ የነበረው ታሪክ ይህ ነው።

ውድድሩ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም ተጀመረ። ተሳታፊዎቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች። የይድነቃቸው ልጆች ግን አራት ጎሎችን አከታትለው አግብተው ለፍጻሜ አለፉ።

በፍጻሜው ቀን ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በባደዊ አማካይነት ቀዳሚ ሆነች። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ የቆየውን ውጤት ግርማ ተክሌ አንድ እኩል አደረገው። ደስታው ሳይበርድ በደቂቃ ውስጥ ባደዊ እንደገና አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት እኩል አደረገ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያን መሪ አደረገ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጎል አክሎ ጨዋታውን ዘጋው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ አስረከቡ።

የቫሳሎ ወንድማማቾች አባታቸው ኢጣሊያዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። ከፋሺስት ወረራ ማብቃት በኋላ ገና ሃያ ዓመት ያህል ባለፈበት በዚያ ጊዜ፣ የኢጣሊያ ስም ያለው ተጫዋች የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ዋንጫ ማንሣቱ ትልቅ ነገር ነበር። በካርቱም ሰውን በቀለሙ አንለይም የተባለው ቃል በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ በተግባር ታየ።

ከድሉ በኋላ ይድነቃቸው ወደ አስተዳደሩ አዘነበሉ። በዚያን ጊዜ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የራሷን ቦታ አልሰጠም ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺኒያ ጋር ለአንዲት ቦታ እንዲታገል ተወሰነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የአፍሪካ አገሮች ተባብረው ከማጣሪያው ወጡ። ይድነቃቸውም ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር የዚህ ክርክር ግንባር ቀደም ነበሩ። አፍሪካ ያንን ዋንጫ አጣች፤ በ1962ቱ የሜክሲኮ ውድድር ግን የራሷን አንድ ቦታ አገኘች። በ1974 ዓ.ም ቦታዎቹ ሁለት ሆኑ።

በ1964 ዓ.ም ይድነቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚያ እስከ ሕልፈታቸው ለ15 ዓመታት መሩት። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። የደቡብ አፍሪካን ጉዳይ አንድም ቀን አልተዉትም። ፊፋ በዚያች አገር ላይ የጣለውን እገዳ አንድ ጊዜ አንሥቶ ነበር፤ በአፍሪካውያን ግፊት በ1957 ዓ.ም መልሶ አገዳት፤ በ1968 ዓ.ም ደግሞ ጨርሶ አስወጣት።

ሌላም ጽኑ አቋም ነበራቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ገንዘብ ቢቸግረውም የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ወደ ሜዳ እንዳይገባ ይከላከሉ ነበር። በአቋማቸው ያልተስማሙ ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸው ግን ወጣት የሚሰበሰብበት ሜዳ ወጣቱን ለሚጎዳ ነገር መሸጫ መሆን የለበትም የሚለውን እምነታቸውን አልለወጡም።

በዕንቁጣጣሽ የተወለዱት ይድነቃቸው በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም፣ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአፓርታይድን መውደቅ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም እግር ኳስ የተመለሰችው ከእርሳቸው ሞት አምስት ዓመት በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም ከ1974 ዓ.ም ወዲህ ለ31 ዓመታት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቆ ቆየ። በ2005 ዓ.ም ወደ ውድድሩ ሲመለስ አዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በካርቱም ነጭና ጥቁርን አንቀላቅልም በማለቷ ከኢትዮጵያ ጋር ሳትጫወት የቀረችው አገር ሁሉንም በአንድነት ያሰለፈ ቡድን ይዛ፣ ከአፍሪካ ሁሉ የመጡትን እንግዶች ተቀበለች። በዚያ ውድድር ኢትዮጵያ ከምድቧ አላለፈችም። ይድነቃቸው 30 ዓመት የታገሉለት ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ ተፈጽሞ ታየ። ገበሬ ዛሬ የተከለውን ዛፍ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚለቅመው የልጅ ልጁ ነው፤ የእርሳቸውም ሥራ እንደዚሁ ሆነ።