ዶክተር ቻርልስ ድሩ፡- የደም ባንክ ባለውለታ፣ የቀዶ ሐኪሞች መምህር

የሰው ደም ተጠብቆ እንዲቆይና ለብዙ ሕሙማን እንዲደርስ የሚያስችለውን አሠራር በማደራጀት ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዶክተር ቻርልስ ሪቻርድ ድሩ ናቸው። ስለ ደም ባንክ ያከናወኑት ተግባር በሰፊው ይታወቃል። የዕድሜያቸውን የመጨረሻ ዘጠኝ ዓመታት ግን የሰጡት፣ በቀለማቸው ምክንያት በር የተዘጋባቸውን ወጣት ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና ሙያ ለማብቃት ነው።

ዶክተር ድሩ እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ምንጣፍ በማንጠፍ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ቻርልስ በወጣትነታቸው ስመ ጥር ስፖርተኛ ሆነው በአምኸርስት ኮሌጅ ተምረዋል። በ1920 እኅታቸው በሳንባ ነቀርሳ መሞታቸው ልባቸውን ወደ ሕክምና ከሳቡት ምክንያቶች አንዱ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ጥቁር ተማሪዎችን የሚቀበሉ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ ወደ ካናዳ ተሻግረው በሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1933ም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ።

በ1935 ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የተከታተሉበት ነው። ዶክተር ድሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ለከፍተኛ ጥናት ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አመሩ። በደም ጥበቃ ላይ ባቀረቡት የምርምር ጽሑፍም በ1940 በዚያ ተቋም በሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ።

በዚያው ዓመት ብሪታንያ በጦርነት ተይዛ ስለ ነበር፣ ከኒውዮርክ ፕላዝማ ለመላክ የተቋቋመውን መርሐ ግብር በሕክምና በኩል እንዲመሩ ተጠሩ። ፕላዝማ ከሙሉ ደም ይልቅ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ውቅያኖስ ለማሻገር ምቹ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ደም ለገሱ። ዶክተር ድሩ የደም አወሳሰዱን፣ የንጽሕና ቁጥጥሩንና የማጓጓዙን ሥርዓት በየሆስፒታሉ አንድ ወጥ እንዲሆን አደረጉ። በ1941 ደግሞ የአሜሪካ ቀይ መስቀል የሙከራ የደም ባንክ ኃላፊ ሆነው ሠሩ።

ይሁን እንጂ ጦር ኃይሉ የጥቁሮችን ደም በመጀመሪያ አልቀበልም አለ፤ በኋላም ከነጮች ደም ተለይቶ እንዲቀመጥ አዘዘ። ዶክተር ድሩ በዚህ ጊዜ ከመርሐ ግብሩ ወጥተው የነበረ ቢሆንም፣ ልዩነቱ አንዳች ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በአደባባይ ተናግረዋል። ቀይ መስቀል ደምን በዘር መለየት ያቆመው በ1950 ነው።

በ1941 የሃዋርድ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ክፍልና ጥቁሮችን ያገለግል የነበረው የፍሪድመንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊነት ተሰጣቸው። በዚያ ዘመን በርካታ ሆስፒታሎች ጥቁር ሐኪም በሽተኛ እንዲያስተኛ አይፈቅዱም ነበር፤ ለስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚቀበሏቸውም እጅግ ጥቂት ነበሩ። የሐኪሙ በር ሲዘጋ የበሽተኛውም በር አብሮ ይዘጋል። ዶክተር ድሩ ለዚህ የሰጡት መልስ ለሠልጣኞቻቸው መመዘኛውን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን፣ በአገሪቱ ካለው ከፍተኛ መመዘኛ ጋር ማስተካከል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞቻቸው በ1948 የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ ፈተናን አለፉ። ከ1941 እስከ 1950 በቦርዱ ማረጋገጫ ካገኙት ጥቁር ቀዶ ሐኪሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእርሳቸው ሥር የሠለጠኑ ናቸው። ጥቁር ሐኪሞችን በአባልነት ያገሉ የነበሩትን የሕክምና ማኅበራትም በጽሑፍ ተሟግተዋል።

ዶክተር ድሩ በ45 ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1950 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ አረፉ። ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ሌሊቱን ሲጓዙ የነበሩት በአላባማ ግዛት በቱስኬጊ በየዓመቱ በሚካሄድ ነፃ ሕክምና ለመሳተፍ ነበር። አደጋው የደረሰው በሰሜን ካሮላይና ነው። ነጭ ሐኪሞች ደም ከልክለዋቸው ሞቱ የሚል ወሬ ለብዙ ዓመታት ተናፍሷል፤ ሆኖም የአካባቢው ሐኪሞች ሊያድኗቸው መጣራቸውን አብረዋቸው የነበሩት ሐኪሞች መስክረዋል። ወሬው ሐሰት ሆኖ ሳለ በቀላሉ የታመነው፣ ሌሎች ጥቁሮች በየሆስፒታሉ ደጃፍ በእርግጥ ይመለሱ ስለ ነበር ነው።

የቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ ከዶክተር ድሩ ሕይወት የሚወስደው ትምህርት ከቢላዋና ከስፌት ጥበብ በላይ ነው። በሽተኛው ዘግይቶ የደረሰው ስለምን እንደ ሆነ፣ ያልደረሰውም ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ አካል መሆኑን ያስተምራል።