ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ፦ ከባቄላ ሥር እስከ ጨረር ክፍል

ስለ ጨረር ሕክምና መማር ስንጀምር ቶሎ ከሚለምዱን ቃላት አንዱ ግሬይ ነው። ለታማሚዋ 50 ግሬይ በ25 ቀን ተከፋፍሎ ይሰጣት እንላለን። 1 ኪሎ ግራም አካል 1 ጁል የጨረር ጉልበት ሲቀበል 1 ግሬይ ወሰደ ይባላል ብለንም ለፈተና እናጠናለን። ግሬይ የሰው ስም መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። እኔን ስለ ሰውየው እንድጽፍ ያነሳሳኝ መለኪያው ብቻ አይደለም። ኦክስጅንና የጨረር ሕክምና ምን እንደሚያገናኛቸው አጥብቀው ከጠየቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ እሱ ስለሆነ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሬይ እንግሊዝ አገር ኖቬምበር 10 ቀን 1905 ተወለደ። የተማረው ክራይስትስ ሆስፒታል በሚባል ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ሆስፒታል ይበል እንጂ በሽተኛ አይተኛበትም፤ አቅም የሌላቸውን ልጆች ለማስተማር የተቋቋመ ጥንታዊ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ፤ ቀጥሎም ራዘርፎርድ በሚመራው በካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ የጋማ ጨረር ጥናት ላይ ተሰማራ። ጊዜው የፊዚክስ ወርቃማ ዘመን ነበር። ቻድዊክ ኒውትሮንን ያገኘው በ1932 እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ማንም ወጣት ፊዚክስ ሊቅ ከዚያ ንቅንቅ የሚል አይመስልም። ግሬይ ግን በ1933 ካቨንዲሽን ትቶ ለንደን አጠገብ በሚገኘው ማውንት ቨርነን ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። እንደኔ እንደኔ ከሕይወቱ ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው።

እዚያ የጠበቀው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ጨረሩ በሽተኛው አካል ውስጥ ስንት ጉልበት ጥሎ ሄደ? አካል ውስጥ ገብቶ መለካት ደግሞ አይቻልም። ግሬይ በ1936 ያብራራው ዘዴ በጠጣር ነገር መካከል ትንሽ የአየር ክፍተት አስቀምጦ፣ አየሩ ውስጥ ከተፈጠሩት አዮኖች ተነስቶ በዙሪያው ያለው ነገር የተቀበለውን ጉልበት ማስላት ነው። ብራግም ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ሐሳብ ስለነበረው የብራግ-ግሬይ ንድፈ ሐሳብ ተባለ። ዛሬም የጨረር ማሽን ሲለካ መሠረቱ እሱ ነው።

ቀጥሎ ወደ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ዞረ። ሆስፒታሉ ውስጥ ኒውትሮን የሚያመነጭ መሣሪያ ሠርቶ የተለያየ ጨረር በሕዋሳት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ማወዳደር ጀመረ። የሞከረበትን ነገር ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ባቄላ ነው! ያው እኛ ነክረን በቆልት የምናደርገው ባቄላ። የበቀለው ሥር ጫፍ ላይ ሕዋሳቱ ያለ ዕረፍት ይከፋፈላሉ፤ ሥሩን ጨረር አሳይቶ በየቀኑ ስንት ሚሊ ሜትር አደገ ብሎ መለካት ብቻ ነው። ርካሽ ነው፣ ውጤቱም ቶሎ ይታያል። ምርምር የግድ ውድ ዕቃ ይፈልጋል ለምንል ለእኛ ለተማሪዎች ደህና ትዝብት ይመስለኛል።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ወደ ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ተዛወረ። የኦክስጅን ነገር የተጀመረው እዚህ ነው። ኦክስጅን ያላገኘ የባቄላ ሥር ጨረርን ይበልጥ እንደሚቋቋም ታየ። በ1953 ግሬይና ባልደረቦቹ ይህንኑ በአይጥ ካንሰር ላይም አሳይተው ትልቁን ጽሑፋቸውን አወጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጨረር ዲኤንኤን ሲመታ የተፈጠረውን ጉዳት ኦክስጅን ካለ ያጸናዋል፤ ከሌለ ግን ሕዋሱ ከጉዳቱ የማገገም ዕድል ያገኛል። ኦክስጅን ያጣውን ሕዋስ ለመግደል ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጨረር ያስፈልጋል። ጤነኛው አካል በቂ ኦክስጅን ስላለው ቢጨመርለትም ብዙ ለውጥ የለውም፤ የሚጠቀመው የተራበው ዕጢ ላይ የሚሠራው ሕክምና ነው። ስለዚህ በሽተኛው ጨረር ሲወስድ ብዙ ኦክስጅን ቢተነፍስስ? አሉ።

በዚያው ዓመት ግሬይ ስለ ምርምሩ አቅጣጫ ከኃላፊዎቹ ጋር ሳይግባባ ቀርቶ ሃመርስሚዝን ለቀቀ። ወደ ማውንት ቨርነን ተመልሶም የራሱን ቤተ ሙከራ አቋቋመ። በ1955 ከቶምሊንሰን ጋር የሳንባ ካንሰር ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ከደም ሥር ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንኳ ርቀት ላይ ያለው የዕጢ ክፍል ሞቶ አገኙት፤ ኦክስጅን እዚያ ድረስ ሳይደርስ በመንገድ ያልቃል። በሞተውና በሕይወት ባለው መካከል ግን ሳይሞት የተራበ ሕዋስ ይኖራል። ጨረርን ተቋቁሞ በሽታውን የሚመልሰው እሱ ነው ተብሎ ተገመተ።

አዳማ ለምንማር ሰዎች ይህ ወሬ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። ከመቂ፣ ከባቱ ወይም ከሻሸመኔ የምትመጣ ታማሚ ብዙ ጊዜ የምትደርሰው ደም ሲፈስሳት ከከረመ በኋላ ነው። የቆላው ወባና የመንጠቆ ትል ሲጨመርበት ሄሞግሎቢኗ ይወርዳል፤ ወደ ዕጢው የሚሄደው ኦክስጅንም ያንሳል። የማህፀን በር ካንሰር ይዟቸው ደም እያነሳቸው ጨረር የወሰዱ ሴቶች ውጤታቸው ዝቅ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። ደም መስጠት ብቻውን ይህን ይገለብጠዋል ወይ በሚለው ላይ ጥናቶቹ አንድ ቃል አይደሉም፤ ደም እንዲመረት የሚያደርገው የኤሪትሮፖየቲን መርፌ ደግሞ በአንዳንድ ጥናቶች ጎድቶ ተገኝቷል። ቢሆንም መድማቱን ማስቆም፣ ወባውንና ትሉን ማከም፣ የብረት እጥረቱን ማስተካከል በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት ማሽን የተጀመረው የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር፤ እንደ ጅማ ያሉ ቦታዎች የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። ዕጢው ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም፤ ባደገ ቁጥር መሐሉ ከደም ሥር ይርቃል። ጨረሩ በብዙ ቀን ተከፋፍሎ የሚሰጠውም አንዱ ምክንያት ይኸው የኦክስጅን ጉዳይ ነው፦ ዛሬ ዳር ያሉት ሲሞቱ የተራቡት ነገ ኦክስጅን ያገኛሉ፣ የነገው ጨረርም ይመታቸዋል። አዲስ አበባ ዘመድ የሌላት ሴት ለማረፊያና ለትራንስፖርት ገንዘብ አጥታ ቀኖች ስትዘል ይህ ቅደም ተከተል ይዛባል።

ወደ ግሬይ ልመለስ። ሐሳቡን ወደ በሽተኛ አልጋ ያደረሰው ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነበረው ሐኪም ቸርችል-ዴቪድሰን ነው። በሽተኛውን በተዘጋ ታንክ ውስጥ አስተኝቶ በ3 አትሞስፌር ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን እያስተነፈሰ ጨረር ይሰጠው ጀመር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች በአንገትና ራስ ካንሰር ላይ፣ በመጠኑም በማህፀን በር ካንሰር ላይ ጥቅም አሳይተዋል። ነገር ግን ታንኩ ያስፈራል፣ ኦክስጅኑ አንዳንዱን በሽተኛ ያንቀጠቅጣል፣ ጤነኛው አካልም የበለጠ ተጎድቷል። ስለዚህ ዘዴው የዘወትር ሕክምና ሳይሆን ቀረ። በእሱ ፈንታ የኦክስጅንን ሥራ የሚተካ መድኃኒት ተፈለገ፤ ሁላችን የምናውቀው ሜትሮኒዳዞል ሳይቀር ተሞክሯል። የእሱ ዘመድ የሆነው ኒሞራዞል በዴንማርክ ለአንገትና ራስ ካንሰር ከጨረር ጋር ይሰጣል፤ ሌላው ዓለም ግን ብዙም አልተከተለም። ኦክስጅን ብቻውን ካንሰር ያድናል የሚል ወሬ የሚነዙም አሉ። ግሬይም ሆነ ተከታዮቹ እንዲህ አላሉም፤ ያለ ጨረሩ ኦክስጅኑ ካንሰርን አያክምም።

ግሬይ በ1961 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። ጁላይ 9 ቀን 1965 በ59 ዓመቱ ሲሞት ትልልቆቹ የታንክ ጥናቶች ገና ውጤት አልሰጡም ነበር። ቤተ ሙከራው ግን በስሙ እየተጠራ ለአሥርተ ዓመታት ማውንት ቨርነን ውስጥ ሠርቷል። ስሙ በዶዝ ወረቀት ላይ መጻፍ የጀመረው ከ1975 በኋላ ነው፤ በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የክብደትና የልክ ጉባኤ የተወሰደ ጨረር መለኪያውን ግሬይ ብሎ ሰየመው።