ፍራንሲስ አስተን፦ አቶሞችን በየክብደታቸው የለየው ሊቅ

ተማሪዎች፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ዋጃ የምትባል የራያ ቆላ ከተማ ትገኛለች። አንድ ገበሬ ወደ ዋጃ ገበያ አራት ጆንያ ማሽላ ይዞ ወጣ እንበል። ሦስቱ ጆንያዎች እያንዳንዳቸው 35 ኪሎ፣ አራተኛው 37 ኪሎ ይመዝናሉ። ድምሩ 142 ኪሎ ነው፤ ለአራት ሲካፈል አማካዩ 35.5 ኪሎ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ከአራቱ መካከል 35.5 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ አንድ እንኳ አታገኙም። ይህንኑ ቁም ነገር በአቶሞች ዓለም ያረጋገጠው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ዊልያም አስተን ነው።

አስተን በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ በነበረችው ሃርቦርን እ.ኤ.አ. በ1877 ተወለደ። ኬሚስትሪን ከተማረ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል በቢራ ፋብሪካ ውስጥ በሙያው አገለገለ። መስታወት እየነፋ መሣሪያ በመሥራትም እጁ የተፈታ ነበር። በ1910 ካምብሪጅ በሚገኘው በካቬንዲሽ ቤተ ሙከራ የጄ. ጄ. ቶምሰን ረዳት ሆነ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን ያስጨነቀ አንድ እንቆቅልሽ ነበር። ዊልያም ፕራውት የተባለ ሐኪም በ1815 የንጥረ ነገሮች ሁሉ አቶማዊ ክብደት የሃይድሮጂን ሙሉ ብዜት ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይሁን እንጂ የክሎሪን አቶማዊ ክብደት 35.5 ያህል ሆኖ ስለተገኘ ሐሳቡ ተቀባይነት አጣ። በ1913 ፍሬዴሪክ ሶዲ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ክብደታቸው ሊለያይ እንደሚችል ገልጾ አይሶቶፕ በሚል ስም ጠራቸው። በዚያው ዓመት አስተን የኒዮንን ጋዝ በሸክላ ቱቦ ደጋግሞ በማሳለፍ ቀላሉን ከከባዱ ለመለየት ሞከረ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው ልዩነት ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ወዲያውም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሥራውን አቋረጠው።

አስተን ተስፋ አልቆረጠም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1919፣ ማስ ስፔክትሮግራፍ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። በመሣሪያው ውስጥ ኤሌክትሪክ የተሞሉ አቶሞች በኤሌክትሪክና በማግኔት ኃይል መካከል ሲያልፉ ቀላሎቹ አብዝተው፣ ከባዶቹ አሳንሰው ይታጠፋሉ፤ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይም በየክብደታቸው የተለያየ መስመር ይተዋሉ። ኒዮን በ20 እና በ22፣ ክሎሪን በ35 እና በ37 ላይ መስመር ተዉ። በ35.5 ላይ ግን ምንም አልታየም!

እንግዲህ አማካዩን ስታሰሉ 35ንና 37ን ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ 36 ታገኛላችሁ፤ ይህም ስሕተት ነው። ከአራት የክሎሪን አቶሞች ሦስቱ ያህል ቀላሉ፣ አንዱ ያህል ከባዱ ስለሆነ፣ እንደ ማሽላው ሁሉ እያንዳንዱን በብዛቱ ማባዛት ይገባል።

አስተን በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1945 እስኪሞትም ድረስ ከሁለት መቶ የሚበልጡ የተፈጥሮ አይሶቶፖችን ለይቷል። እናንተም አማካይ ቁጥር በተነገራችሁ ጊዜ ሁሉ፣ ከበስተጀርባው እነማን ምን ያህል ሆነው እንደተሰለፉ መጠየቅን ከአስተን ተማሩ።