አርኪሜዴስ፤ ክብን በወሰን የለካ ሊቅ

የክብን ዙሪያ ለማግኘት ዲያሜትሩን በ22/7 ማባዛት እንደሚገባ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ይህ ቁጥር ግን ከማን እጅ እንደ ወጣና ምን ያህል እንደሚታመን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቁጥሩን በማስረጃ ያቆመልን አርኪሜዴስ ነው።

አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 ዓመት ገደማ በሲሲሊያ ደሴት፥ በግሪኮች ከተማ በሲራኩስ ተወለደ። አባቱ ፊድያስ ከዋክብትን የሚመረምር ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። እርሱም የምርምሩን ፍሬ በእስክንድርያ ለነበሩት ሊቃውንት፥ ለነኤራቶስቴንስ በደብዳቤ ይልክ ነበር።

ቀጥ ያለ መስመር በዘንግ ይለካል፤ የክብን ዙሪያ ግን ዘንግ አይከተለውም። ከእርሱ አስቀድሞ ባቢሎናውያን ለተራው ሥራ ዙሪያው የዲያሜትሩ 3 እጥፍ ነው እያሉ ያሰሉ ነበር። በዚህ ስሌት ዲያሜትሩ 100 ሜትር የሆነ ክብ ሜዳ የሚያጥር ሰው ከ14 ሜትር የሚበልጥ አጥር ይጎድለዋል።

አርኪሜዴስ ክቡን በሁለት ወገን ያዘው። በውስጡ ማዕዘኖቹ ክቡን የሚነኩ ባለ 6 ጎን ቅርጽ፥ በውጭው ደግሞ ጎኖቹ ክቡን የሚነኩ ሌላ ባለ 6 ጎን ቅርጽ አኖረ። የክቡ ዙሪያ ከውስጠኛው ቅርጽ ዙሪያ ይበልጣል፤ ከውጭኛው ያንሳል። ከዚያ በኋላ ጎኖቹን እጥፍ እያደረገ ወደ 12፥ ወደ 24፥ ወደ 48፥ በመጨረሻም ወደ 96 አደረሳቸው። ጎኖቹ በበዙ ቁጥር ሁለቱ ቅርጾች እየተቀራረቡ ክቡን በመካከላቸው አጠበቡት። በመጨረሻም የክብ ዙሪያ ከዲያሜትሩ 3 እና 10/71 እጥፍ እንደሚበልጥ፥ ከ3 እና 1/7 እጥፍ ደግሞ እንደሚያንስ አስረዳ። 3 እና 1/7 ማለት 22/7 ነው።

ይህን ሁሉ ያሰላው ዜሮ በሌለበት፥ ፊደል እንደ ቁጥር በሚያገለግልበት በግሪኮች አኃዝ ነው። የእኛም የግዕዝ አኃዝ ከዚሁ የመጣ ስለ ሆነ፥ በግዕዝ አኃዝ ማካፈልን የሞከረ ሰው የሊቁን ድካም ሊገምት ይችላል።

ሮማውያን ሲራኩስን በከበቡ ጊዜ አርኪሜዴስ የሠራቸው የጦር መሣሪያዎች ጠላትን ብዙ ጊዜ አገዱት። ከተማይቱ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 ዓመት ተያዘች። የጦር አዛዡ ማርኬሉስ ሊቁ እንዳይነካ ፈልጎ ሳለ፥ አንድ ወታደር ገደለው። በዚያች ሰዓት በጂኦሜትሪ ሥዕል ላይ አተኩሮ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

ሥራው ግን አልሞተም። በ5ኛው መቶ ዓመት ቻይናዊው ዙ ቾንግዢ 355/113 የሚለውን እጅግ የቀረበ ቁጥር አገኘ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1760ዎቹ ዓመታት ደግሞ ላምበርት፥ ዛሬ ፓይ የምንለው ይህ ቁጥር በማናቸውም ክፍልፋይ በትክክል ሊጻፍ እንደማይችል አስረዳ።

እንግዲህ 22/7 ከፓይ ጥቂት የሚበልጥ ግምት እንጂ ፓይ ራሱ አይደለም። በዚያው በ100 ሜትሩ ሜዳ ላይ 13 ሳንቲሜትር ያህል ያበዛል፤ 3.14 ደግሞ 16 ሳንቲሜትር ያህል ያሳንሳል። ይህ ስሕተት ለአጥር ሥራ አያስጨንቅም፤ ለረቂቅ መሣሪያ ግን አይፈቀድም። አርኪሜዴስ ይህን ስለሚያውቅ ልኩ ይህ ነው ብሎ አልቆረጠም፤ የታችኛውንና የላይኛውን ወሰን አስቀመጠ። ግምትን እንደ እርግጥ ነገር አድርጎ በወረቀት ላይ ማስፈር ለተማሪም ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ቀላል ነው። ግምት የሚጽፍ ሁሉ ስሕተቱ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል አብሮ ቢጽፍ ከዚህ ሊቅ የሚገባውን ትምህርት አገኘ ማለት ነው።