አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ (ጊዮርጊስ ዘሰግላ በመባልም ይታወቃሉ) ከ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖሩ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ፣ የነገረ መለኮት ሊቅና ደራሲ ነበሩ። ይበልጥ የሚታወሱት የመዓልትና የሌሊት ጸሎትን በየሰዓቱ ባደራጁበት መጽሐፈ ሰዓታት ነው። ስማቸውን ያገኙበት የጋስጫ ገዳም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ ይገኛል።

ሕይወት

የተወለዱት በ1357 ዓ.ም. ገደማ በሰግላ ነው። አባታቸው ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተላኩ። ገድላቸው እንደሚተርከው ግን ትምህርቱ ለዓመታት አልገባ አላቸው። ወደ ቤት ቢመለሱም አባታቸው ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ መልሰው አልቀበልም ብለው ወደ ገዳሙ ሰደዷቸው። በሐይቅ እህል እየፈጩ መነኮሳቱን ያገለግሉ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ያለቅሱ፣ ይጸልዩ ነበር። በመጨረሻ ድንግል ማርያም ተገልጣ ጽዋ እንዳጠጣቻቸውና አእምሯቸው እንደተከፈተ ገድሉ ይናገራል።

ጸሎት ለሰው ኑሮ ምን እንደሚያደርግ የሚያጠና ሰው ይህን እንደ ማስረጃ ሊይዘው አይችልም፤ ገድል የሚጻፈው ለማነጽ እንጂ ለመለካት አይደለም። ቢሆንም በትረካው ውስጥ ጸሎቱ ከወፍጮው አላስቀራቸውም፤ ያቃተው ተማሪም ተስፋ ሳይቆርጥ እንዲቆይ ያደረገው እሱ ነው።

በአፄ ዳዊት ዘመን በቤተ መንግሥት የሃይማኖት ክርክር ገጥመው ረትተዋል፤ በኋላም ተከሰው መታሰራቸውን ገድሉ ያወሳል።

መጽሐፈ ሰዓታት

ከእሳቸው በፊት ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የመጣ የሰዓታት ጸሎት ይነገር ነበር። አባ ጊዮርጊስ ያዘጋጁት ግን መዝሙረ ዳዊትን፣ የወንጌል ንባብን፣ ምልጃንና የማርያምን ውዳሴ በአንድ ሥርዓት ያዋሐደ አዲስ ድርሰት ነው። በዚህም ቀኑ በጸሎት ተከፋፈለ። የሌሊቱ ክፍል ዛሬም በዜማ ይቆማል፤ የቅዳሴ ተማሪዎችም ይማሩታል።

ሌሎች ሥራዎችና ዕረፍት

አርጋኖን የተባለው የማርያም ውዳሴና ፍካሬ ሃይማኖትም የእሳቸው ናቸው። መናፍቃንን የሚሞግተውን መጽሐፈ ምስጢርን በአፄ ይስሐቅ ዘመን በ1416 ዓ.ም. ፈጸሙ። ያረፉት በ1417 ዓ.ም. ሲሆን መታሰቢያቸው ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል።