የአየር ጎማው ሐኪም፤ የጆን ቦይድ ደንሎፕ ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ መተማ ቆላ በሞተር ቢስክሌት የወረደ ሰው የጎማን ዋጋ ያውቃል። በበጋ ሐሩሩ ላስቲኩን ያግለዋል፤ በክረምት ደግሞ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ ይይዘዋል። እኛ ግን ደንሎፕ የሚለውን ስም ከጎማ ላይ ስናነብ ኖረን ሰውየውን አናውቀውም። ስለዚህ ታሪኩን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1840 በስኮትላንድ ድሬግሆርን በምትባል መንደር ተወለደ። የከብት ሕክምና ተምሮ ወደ አየርላንድ ተሻገረና በቤልፋስት የታወቀ ሐኪም ሆነ። በ1887 ትንሹ ልጁ ባለሦስት እግር ቢስክሌቱን ሲነዳ በድንጋይ ንጣፉ ላይ እንዳይናጥ ብሎ፣ ከስስ ላስቲክ ከመነዳሪ አበጀ፤ ይህንንም በእንጨት ክብ ላይ በጨርቅ ጠቅልሎ በኳስ መንፊያ አየር ሞላው። ከዚያም ይህንኑና ድፍን ላስቲክ የለበሰውን መንኰራኵር በግቢው ውስጥ ገፍቶ ቢለቃቸው፣ ድፍኑ መንገድ ላይ ሲወድቅ የአየሩ እስከ በሩ ተንከባለለ። በማግሥቱ ዓመት የፈጠራ መብት አወጣ።

ይሁን እንጂ ዓለምን ያሳመነው ወረቀቱ ሳይሆን ውድድር ነው። ዓመቱ 1889፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ የወደቁበት ዘመን ነበር። ከእርሳቸው ዕረፍት ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት፣ በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ የስፖርት ሜዳ ዊሊ ሂዩም የተባለ ተወዳዳሪ በዚሁ በተሣቀበት ወፍራም ጎማ አሸነፈ። የአየር ጎማ ስም የተነሣው እንግዲህ በተማሪዎች ሜዳ ነው።

ከዚህ በኋላ ኩባንያ ተቋቋመ። ነገር ግን ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ይህንኑ አሳብ በ1845 አስመዝግቦት ስለ ተገኘ የደንሎፕ መብት ተሻረ። እርሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኩባንያውን ተወ፤ ታላቁ ሀብት ሳይደርሰው በ1921 በደብሊን ሞተ።

መብቱ መሻሩ ለተፎካካሪዎች በር ከፈተ። በ1891 ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር በሚሼሊን ጎማ የነዳው ሻርል ቴሮን በደንሎፕ የነዳውን ዢየል ላቫልን ቀደመው። ፉክክሩም ወደ ሞተር ቢስክሌት ተሻገረ። በታላቁ የዓለም ሻምፒዮና ሚሼሊን ለተመረጡ ነጂዎች ጎማ በሌሊት ሠርቶ ለውድድሩ ያደርስ ነበር። ስለዚህ በ2007 አንድ ነጂ በአንድ ውድድር ከ31 ጎማ በላይ እንዳይጠቀም፣ ጎማውንም አስቀድሞ እንዲመርጥ ተደነገገ። በ2009 ደግሞ ሁሉም የብሪጅስቶንን ብቻ እንዲጠቀሙ ተወሰነ፤ በ2016 ሚሼሊን ተተካ።

እኩል ጎማ መስጠት ፍትሕ መሆኑን አንክድም፤ አቅም ያነሰው ቡድንም በዚህ ይጠቀማል። ነገር ግን በ1889 እንዲህ ያለ ደንብ በቤልፋስት ቢኖር ኖሮ ሂዩም ከሜዳው በተባረረ፣ የአየር ጎማም የአንድ ሕፃን መጫወቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ ደንብ አውጪ ሁሉ ለእኩልነት ሲያስብ፣ ገና ስም የሌለው ሰው አዲስ ሥራውን የሚፈትንበትን በር እንዳይዘጋ ያስፈልጋል። የመተማን ጭቃና ሐሩር የሚችል ጎማ የሚያበጅ ሰውም ነገ ከመካከላችን ቢነሣ፣ የምንሥቅበት ሳንሆን ሜዳ የምንሰጠው እንሁን።