ሲልቪያ አሽተን-ዋርነር፦ በካርቶን ቁራጭ እንግሊዝኛ ያስተማረች መምህርት

ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሔታችን የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ከሐኪም ስለ ሐኪም ይጠበቅ ነበር። እኔ የመረጥኩት ግን መምህርት ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ዛሬ የምናስተምረው? የምናስተምረውም በእንግሊዝኛ ነው። ያንን እንግሊዝኛ እኛ ራሳችን የተማርነው በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ፣ መምህሩ ያለውን ተከትለን በአንድ ድምፅ እየጮህን ነበር። የጮህነው ሁሉ ገብቶን ነበር ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር አልገባንም።

ሲልቪያ አሽተን-ዋርነር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1908 በኒውዚላንድ፣ ስትራትፎርድ በምትባል ከተማ ነው። አባቷ በመገጣጠሚያ በሽታ ሥራ መሥራት የማይችሉ ሰው ስለነበሩ፣ ብዙ ልጆች ያሉበትን ቤት ያስተዳደሩት እናቷ ናቸው። እናትየው በገጠር ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር፤ ቤተሰቡም ሥራውን እየተከተለ ከቦታ ቦታ ሲዞር ኖረ። ሲልቪያ ፒያኖ ተጫዋችና ሠዓሊ ለመሆን ብትመኝም፣ ኑሮ ወደ እናቷ ሙያ መራት። በኦክላንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተምራ፣ በ1932 ኪት ሄንደርሰን የተባለ መምህር አገባች። ከዚያም ባልና ሚስቱ በሩቅ ገጠር ባሉ የማኦሪ ልጆች ትምህርት ቤቶች አብረው ማስተማር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ቦታ ሆሮኤራ ከሁሉ ነገር የራቀ ነበር። በ1939 ሲልቪያ አእምሮዋ ደከመ፤ ማስተማር ቀርቶ ቤቷን መያዝም አቃታት። ዌሊንግተን ሄዳ የታከመችበት የነርቭ ሐኪም ጊዜ ሰጥቶ አደመጣት፣ የፍሮይድን ሐሳብ አስተዋወቃት፣ እንድትጽፍም አበረታታት። እኔ እንደ ሐኪም ይህችን ታሪክ ሳነብ ሁሌ የምቆመው እዚህ ጋ ነው። ውስጧ የታፈነው ነገር ስም ሲያገኝ ተሻላት። ያገኘችውን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ክፍሏ ውስጥ ምን ነበር? የአምስት ዓመት ልጆች፣ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ፒያኖ። ልጆቹን ጸጥ ለማሰኘት አትጮህም፤ ከቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ትመታለች፣ ክፍሉ ቀጥ ይላል። ችግሩ ንባብ ላይ ነበር። የማንበቢያ መጽሐፎቹ የሚያወሩት ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ በተስተካከለ ግቢ ውስጥ ከውሻቸው ጋር ስለሚጫወቱ ልጆች ነው። የማኦሪው ልጅ ቤት ግን ሌላ ነው፤ ዘመድ ይበዛበታል፣ ዘፈን አለ፣ ጠብ አለ፣ የመናፍስት ፍርሃትም አለ።

እሷም መጽሐፉን ወደ ጎን አደረገችና ካርቶን ቆራረጠች። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራች ዛሬ የትኛውን ቃል እንደሚፈልጉ ትጠይቃለች። ልጁ የፈለገውን ቃል እያየ በትልልቅ ፊደል ትጽፍለታለች። ልጁ ፊደሎቹን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ ካርዱን የራሱ አድርጎ ይወስዳል። በማግስቱ ካርዶቹ ሁሉ መሬት ላይ ይዘረገፋሉ፤ ልጆቹ እየተሻሙ የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። አንድ ልጅ ቃሉን ከረሳው አይገሠጽም፤ ካርዱ ይወገዳል። ያ ቃል መጀመሪያውኑ የሱ አልነበረም ማለት ነው።

ልጆቹ የመረጧቸው ቃላት እናትና አባት፣ መናፍስት፣ መሳም፣ ፖሊስ፣ ቢላዋ ነበሩ። ቀላል የሚባሉትን የመጽሐፍ ቃላት ለመያዝ አራት ወር የፈጀበት አንድ ልጅ፣ የራሱን ፍርሃትና ፍቅር የሚጠሩትን በደቂቃዎች ውስጥ ያዛቸው። ቃላቱ ሲከማቹ ልጆቹ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፣ የጻፉትንም እርስ በርስ ይነባበባሉ። የክፍሉ የማንበቢያ መጽሐፍ የነሱው ጽሑፍ ሆነ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከተቆጣጣሪዎች ጋር አትግባባም፤ እልኸኛና በቀላሉ የምትከፋ ሰው ነበረች። አገሬ አልተቀበለችኝም የሚል ቅሬታ እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም፤ ሆኖም ስለ ዘዴዋ መጀመሪያ የጻፈችው በዚያው በኒውዚላንድ የመምህራን መጽሔት ላይ ነበር። በ1958 ስለ አንዲት መምህርት የጻፈችው ስፒንስተር የተባለው ልብ ወለድ ለንደን ታትሞ ዝናን አመጣላት፤ በ1961ም በሸርሊ ማክሌን መሪ ተዋናይነት ፊልም ሆነ። ዘዴዋን ያብራራችበት ቲቸር የተባለው መጽሐፍ በ1963 ኒውዮርክ ወጣ፤ ከባሕር ማዶም ብዙ መምህራን ዘዴዋን ሞከሩት።

ባሏ በ1969 ከሞተ በኋላ አሜሪካ ውስጥ አስፐን ከተማ አስተማረች። እዚያ ልጆቹ ምንም አልጎደላቸውም፤ ቴሌቪዥኑም መጫወቻውም ሞልቷል። እሷ ግን ከነሱ የራሳቸው የሆነ ቃል ማውጣት ካሰበችው በላይ ከበዳት። በኋላ ካናዳ መምህራንን አሠልጥና አገሯ ገባች፤ በ1984 ታውራንጋ ከተማ አረፈች።

ይህን የጻፍኩት አንድ ዕዳ ስላለብኝም ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በሽተኛ አልጋ አጠገብ በእንግሊዝኛ ስጠይቀው ዝም ያለ ተማሪ ነበር። አያውቅም ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት። ከሰዓት በኋላ በዚያው ሲያልፍ አየሁት፤ ለበሽተኛው እናት ሕመሙን በአማርኛ ከኔ በተሻለ ያስረዳል። እውቀቱ ነበረው፤ ቃሉ ግን ገና የሱ አልሆነም። ነጥቡን አስተካከልኩለት፤ ዝምታውን ግን እኔም እንደጨመርኩበት አውቃለሁ።

አሁን ክፍሌ የማስገባው ቁራጭ ካርቶን ነው። መብራት ቢጠፋም፣ ፕሮጀክተሩ ባይሠራም ችግር የለውም። ተማሪዎቼ ያዩትን በሽተኛ መጀመሪያ በሚቀናቸው ቋንቋ ይነግሩኛል፤ ቀጥሎ ለዚያ ታሪክ የጎደላቸውን የእንግሊዝኛ ቃል ይጠይቁኛል፣ እጽፍላቸዋለሁ። በማግስቱ የጠፋባቸውን ካርድ እንጥለዋለን። ብዙ አንጥልም።